ገና ናት

አዲስ የተቀጠሩ አስተማሪዎች ሁሉ አንድ ቀን እኔ ጋ መጥተው መጠየቃቸው አይቀርም። ንብረት ክፍል ያለችው ሴትዮ ዲግሪ አላት ሲሉ ሰማን፣ ታዲያ ምን ሆና ነው መጽሐፍ ስታድል የምትውለው ይሉኛል። ሌላው ሰው አያወራላቸውም። እኔ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ጮኼ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ዝምታ የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ቁጭ በሉና ስሙ እላቸዋለሁ። የምነግራችሁ እሷን ለማማት አይደለም፤ እሷን ፊቴ የሚያማ ሰው ካለ በጥፊ ነው የምለው።

የሷና የኔ ክፍል ጎን ለጎን ነበር። መሃላችን ያለው ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው። እኔ ማባዛት ስጠይቅ የሷ ተማሪዎች ከወዲያ ማዶ ይመልሱላታል እየተባለ ይቀለድብኝ ነበር፤ ቀልድ አይደለም፣ ሁለት ሦስቴ ሆኗል። የሷ ድምፅ ግን ወደኔ መጥቶ አያውቅም። ቀስ ብላ፣ ለስለስ አድርጋ፣ ለአንድ ሰው ምስጢር የምትነግር ይመስል ነበር የምታስተምረው። ስልሳ ሁለት ልጅ በዚያ ድምፅ እንዴት ጸጥ ብሎ እንደሚቀመጥላት እስከ ዛሬ ይገርመኛል። እኔ ጉሮሮዬ እስኪደማ ጮኼ እንኳ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ይጋፉ ነበር።

ልጅ ሳለች ደደብ ተብላ ያደገች ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የሰፈሩን የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋው እሱ ነው፤ የራሱ ልጅ ግን ሦስተኛ ክፍል ደርሳ ፊደል አልለይ አለችው። አስተማሪዋ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያቆማታል፤ ስሟንም ትቶ «ድንጋይ» ነበር የሚላት። ልጆቹም ለመዱና በዕረፍት ሰዓት ድንጋይ ነይ፣ ድንጋይ ሂጂ ይሏታል። አሥር ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን አባቷ ሱቅ ቁጭ ብላ የክር ካርቶን ስታይ በላዩ ያለውን ጽሕፈት ሳታስበው አነበበችው። ማንም አላስጠናትም፣ ማንም አልመታትም። በራሱ ጊዜ መጣልኝ ትላለች። ይሄን ታሪክ ሦስቴ አራቴ ነግራኛለች፤ በነገረችኝ ቁጥር ዓይኗ እንባ ያቀርራል።

እንግዲህ አስተማሪ ከሆነች በኋላ ዲግሪዋን ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ዩኒቨርሲቲ እየሄደች ነበር የተማረችው። አንድ ዓመት ስትመለስ ሌላ ሰው ሆና መጣች። የልጅ አእምሮ በደረጃ ነው የሚያድገው አለችኝ። ሰባት ዓመት ገደማ እስኪሞላው ድረስ ልጅ የሚያምነው ዓይኑ የሚያሳየውን ነው። ውሃ ከአጭር ብርጭቆ ወደ ረጅም ብርጭቆ ስትገለብጪበት በዛ ይልሻል። አንድም ጠብታ እንዳልጨመርሽ እያየ በዛ ይልሻል። ብትመቺው፣ ብትጮሂበት አይገባውም። ጊዜው ሲደርስ ግን ይሄማ ያው ነው ብሎ ይስቅብሻል። የዩኒቨርሲቲው አስተማሪ ይሄን ሲያስረዳ ከክፍል ወጥታ ሽንት ቤት ገብታ አለቀሰች።

«ድንጋይ አልነበርኩም ማለት ነው» አለችኝ። «አልደረስኩም ነበር እንጂ።»

ከዚያ በኋላ የብርጭቆ ነገር መጣ። ከረጢቷ ውስጥ ሁለት አጭር ብርጭቆ፣ አንድ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ የደረቀ ባቄላ፣ ሸክላ ጭቃ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ ጋ እየጠራች ታገለብጣለች፣ ትደረድራለች፣ ትጠይቃለች። ለያንዳንዱ ልጅ በደብተሯ አንድ ገጽ አላት፤ ከሥሩ ወይ «ደርሷል» ወይ «ገና ነው» ብላ ትጽፋለች። እኛም «ባለብርጭቆዋ» አልናት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ምላሴን ይቁረጠው።

ስቀልድባት ከርሜ አንድ ቀን ግን አፌን አስያዘችኝ። የኔ ልጆች እስከ መቶ እንደ ውሃ ይወርዱታል ብዬ ጉራዬን ስነዛ፣ እስኪ አንዱን አሥራ አራት እንጨት አምጣ በይው አለችኝ። አልኩት። ጎበዝ የምለው ልጅ ሰሌዳው ላይ 14 ብሎ ጻፈና አንድ እንጨት በግራ እጁ፣ አራት እንጨት በቀኝ እጁ ይዞ መጣ። የሷ ልጆች ቁጥር ከመጻፋቸው በፊት አሥር አሥሩን እንጨት በክር እያሰሩ ወር ሙሉ ሲጫወቱ ነበር የከረሙት፤ አንድ እስርና አራት ነጠላ ይዘው መጡ።  ስንቱን ልጅ እንደዚያ አስቆጥሬ እንደሸኘሁ ሳስበው ያን ቀን ምሳ አልወረደልኝም። በልቤ ይቺ ሴት እውነቷን ነው አልኩ፤ በአፌ ግን አላልኩም።

ልጅቷ የመጣችው በዚያ ዓመት ነው፤ ሰባት ዓመቷ፣ አንደኛ ክፍል። እናቷ ልብስ ፋብሪካ ተኳሽ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ሸሚዝ ስትተኩስ ነው የምትውለው። ልጅቷን ያየ ሰው ግን የደህና ባለሥልጣን ልጅ ናት ይላል። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ታጥቦ፣ ጆሮዋ ሳይቀር በጥጥ ተጠርጎ፣ ሻሿ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ነበር የምትመጣው። ሰሌዳ ላይ ያለውን ስትገለብጥ እጇ ማተሚያ ነው፤ አንዲት ነጥብ አትስትም። ሲጠይቋት ግን የለችም። ትስቃለች፣ ጎንና ጎኗ ያሉትን ልጆች ታያለች፣ እነሱ ሲነሱ ትነሳለች።

ባለብርጭቆዋ ጠራቻት። ሁለቱ አጭር ብርጭቆዎች እኩል ውሃ አላቸው። አንዱን ወደ ረጅሙ ገለበጠችና በዚያች ለስላሳ ድምጿ የትኛው ይበዛል አለቻት። ልጅቷ ረጅሙን ነካች። ስድስት ስድስት ቆርኪ በሁለት መስመር ደርድራ የታችኛውን መስመር ዘርዘር አደረገችው። ልጅቷ የታችኛውን ነካች። ሁለት እኩል ድቡልቡል ጭቃ፤ አንዱን እንደ ቂጣ ጠፈጠፈችው። ልጅቷ የተጠፈጠፈውን ነካች። ልክ መጽሐፉ እንዳለው። «ገና ናት» ብላ ጻፈች።

የትምህርት ቤታችን ደንብ አስተማሪ ክፍሉን ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ይዞ ይወጣል ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ክፍልም አብረው ገቡ። ሌሎቹ ልጆች አንድ በአንድ ደረሱ፤ ልጅቷ ግን ያው ናት። በየሁለት ወሩ ትፈትናታለች፣ በየሁለት ወሩ ያንኑ ትጽፋለች። አንዱ ልጅ ቶሎ ይደርሳል፣ አንዱ ይዘገያል፣ እኔም ዘግይቼ ነበር ትላለች። ያቺን ልጅ ከሁሉም አብልጣ ትወዳት ነበር። ለምን እንደሆነ መቼም አትጠይቁኝም።

ሁለተኛ ክፍል አጋማሽ ላይ እናትየው አንድ ጠዋት ልጅቷን በእጇ ይዛ ክፍሉ በር ላይ መጣች። እኔ የራሴ በር ላይ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ። ቤት ስጠራት ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኛለች፣ አሥር ጊዜ ጠርቻት ነው አንዴ የምትዞረው፣ ጆሮዋን አሟት ይሆን እንዴ አለች። ባለብርጭቆዋ ትከሻዋን ይዛ አጽናናቻት። በዚህ ዕድሜ ልጅ በራሱ ሐሳብ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ የሌላው ሰው ነገር ገና አይታየውም፣ እኔ ደጋግሜ ፈትኛታለሁ አለቻት።

«ልጅሽ ምንም አልሆነችም። አእምሮዋ ጊዜ ነው የሚፈልገው። አታስጨንቂያት፤ ትንሽ ጠብቂያት» አለቻት።

እናትየው እጅ ነስታ አመሰገነች። ልጅቷም ክፍል ገባች። እኔም ገባሁ።

አሁን ደግሞ የኔን ጉድ ስሙ። በዚያው ዓመት ባለብርጭቆዋ ታማ አንድ ሳምንት ቀረችና ሁለቱን ክፍል አንድ ላይ ጠቅጥቀው ሰጡኝ። መቶ ሃያ ምናምን ልጅ። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ወለል ላይ ተቀመጠች። እንደ ልማዴ አናቷ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን ከፍቼ «አራትና ሦስት ስንት ነው» ስላት ሰባት አለችኝ። «ዘጠኝ ሲቀነስ ሁለትስ» ስላት አሁንም ሰባት። ሳምንቱን ሙሉ መለሰች። ወይ ደስታዬ! ባለብርጭቆዋ ስትመለስ አስተማሪዎች ሁሉ በተሰበሰቡበት ልጅቷ ቁጣ እንጂ ብርጭቆ አያሻትም ብዬ አላገጥኩባት። እሷም ሳትቆጣ፣ ያ የፍርሃት መልስ ነው፣ ሸምድዳው ይሆናል እንጂ አልገባትም አለችኝ። ደሜ ፈላ። ሁለት ሳምንት ሰላም አልተባባልንም። ለምን ለኔ ብቻ መለሰች ብሎ የጠየቀ ግን ከሁለታችን አንድም አልነበረም።

ሦስተኛ ክፍል ላይ ነገሩ መረረ። ዳይሬክተሩ ወንበር የለኝም፣ ለማይማር ልጅ ቦታ አልይዝም፣ ዓመቱ ሲያልቅ ትሸኝ አለ። ባለብርጭቆዋ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ተነሳች፤ እንደዚያ አይቻት አላውቅም። አንድ ዓመት ስጡኝ፣ አንድ ዓመት ብቻ፣ ትደርሳለች አለች። ዳይሬክተሩም አስረጂን አላት። ከወረዳው ሱፐርቫይዘር በሚመጣበት ቀን በሁላችንም ፊት ልጅቷን ፈትና የአእምሮዋን ደረጃ ልታሳይ፣ እኛም አይተን ልንወስን ተባለ። ልጅቷ ትቆይ ወይ ትሂድ የሚለው በዚያ ቀን ላይ ወደቀ።

ቀኑ ደረሰ። የአስተማሪዎች ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ሆነን በግድግዳው ዙሪያ ተቀምጠናል። ልጅቷ መሃል ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆዎቹ። ባለብርጭቆዋ የልጅ አእምሮ እንዴት በዓይን እንደሚታለል ካስረዳች በኋላ ውሃውን ወደ ረጅሙ ገለበጠች። ልታያት ቀና ስትል ግን ሱፐርቫይዘሩ፣ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ልጅቷ በደንብ ትየው ብሎ ከወንበሩ ተነሳና አጭሩን ብርጭቆ ወደሷ አስጠጋላት። የትኛው ይበዛል ተባለች። አጭሩን ነካች።

አንዳንዱ ሳቀ። ባለብርጭቆዋ አልሳቀችም። ረጅሙን ብርጭቆ ነካ አድርጋ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ ልጅቷ ረጅሙን ነካች። አጭሩን ነካ አድርጋ ጠየቀቻት፤ አጭሩን ነካች።  ጥግ ላይ ባዶ የጠመኔ ካርቶን ነበር፤ እሱን ነካችና የትኛው ይበዛል አለቻት። ልጅቷ የጠመኔውን ካርቶን ነካችና ልክ ነኝ ወይ በሚል ዓይን ፈገግ ብላ አየቻት።

ለካ ሁልጊዜ በመጨረሻ የተነካውን ነበር የምታሳየው። ውሃው የሚገለበጠው ወደ ረጅሙ ነው፣ መጨረሻ የሚዘረዘረው የታችኛው መስመር ነው፣ የሚጠፈጠፈው ጭቃ መጨረሻ ነው። ጥያቄው አንድም ቀን ደርሷት አያውቅም። መልሷ ግን ከመጽሐፉ ጋር አንድ ሆኖ ቁጭ አለ።

ባለብርጭቆዋ ዞራ ከልጅቷ ጀርባ ቆመች። ስሟን ጠራች። አልዞረችም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ጠራች፤ አልዞረችም። ያቺ ድምጿ ግድግዳ አልፎ የማያውቅ ሴት ጮኸች። ልጅቷ የዞረችው ሁላችንም ከጀርባዋ ያለውን ስናይ አይታን ነው።  ሱፐርቫይዘሩ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን ሲጠርግ ትዝ ይለኛል።

በማግስቱ እሷና እኔ ልጅቷንና እናትየውን ይዘን ወደ ጆሮ ሐኪም ሄድን። ሐኪሙ የልጅቷን ሻሽ ፈትቶ በመብራት አየ፤ ብዙ አየ። ከዚያ መብራቱን አጠፋ። ጆሮዋ መምገል ከጀመረ ዓመታት ሆኖታል አለ። መግሉ የግራውን ታምቡር ጨርሶ ከውስጥ ያሉትን ትንንሽ አጥንቶች በልቷቸዋል፤ የቀኙም ከግማሽ በላይ ሄዷል። ወደ ጭንቅላቷ እንዳይዘልቅ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል፣ መስማቷን ግን አይመልስላትም፤ ያለውም እያነሰ ይሄዳል አለ። ቀደም ብላ ብትመጣስ ኖሮ ብላ ጠየቀችው ባለብርጭቆዋ። ዝም ብለሽ ተቀመጪ ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ፤ አልሰማችኝም። መጀመሪያ አካባቢ ቢሆን እጥበትና ጠብታ፣ ምናልባትም ኪኒን ነበር፣ ብዙዎቹ ይድናሉ አለ። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ተጠየቀ፣ መለሰ።

ስንወጣ እናትየው ጠዋት ጠዋት ትራሷ ላይ ትንሽ ርጥበት አገኝ ነበር፣ እጠርግላት ነበር፣ ትምህርት ቤት ቆሽሻ እንዳትሄድብኝ ብዬ አለች። ጎበዝ እናት ነበረች። ንጽሕናዋ ነው የሸፈነብን። እኔ ደግሞ ሳላውቀው አውቄዋለሁ፤ ስጮህላት ትመልስ እንደነበር ያየሁት እኔ ነኝ፣ ያየሁትን ይዤ ሰው ፊት ጉራ ነዛሁበት። ይሄን ለማንም ብናገር ምን አገባሽ ይሉኛል። ሆዴ ያውቀዋል።

ቀዶ ጥገናው ተደረገላት፣ ነፍሷ ተረፈች። ትምህርት ቤታችን መስማት ለተሳናቸው የሚሆን ክፍል የለውም ተባለና ተሸኘች፤ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ያለው ሩቅ ከተማ ነው፣ እናትየው ደግሞ ሥራዋን ለቃ የት ትሄዳለች። ባለብርጭቆዋ አንድ ቀን ቤታቸው እንሂድ አለችኝ። እናትየው እሷን የምታመሰግናት ልጄ እንደማትሰማ ያወቀችልኝ እሷ ናት ብላ ነው። ይሄ ምስጋና አላስተኛኝም፣ እውነቱን ልነግራት ነው አለችኝ። ተዪው አልኳት። ምን ይጠቅማታል፣ ለራስሽ ዕረፍት ብለሽ የሷን ሆድ አታድሚ አልኳት። እምቢ አለች። ማስተማሩን ትታ ንብረት ክፍል አስገቡኝ ያለችውም ከዚያ ጉዞ በማግስቱ ነው።

አንድ ክፍል ቤት ናት። አልጋ፣ የልብስ ሣጥን፣ መስኮቱ ሥር ልጅቷ ደብተር ዘርግታ የድሮ ጋዜጣ ላይ ያለውን ጽሑፍ ትገለብጣለች። ባለብርጭቆዋ ሳትቀመጥ ጀመረች። ያን ጊዜ ጆሮዋን ይሆን ወይ ብለሽ ስትጠይቂኝ አይደለም ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ እጄን ስትከተል አላየሁም፣ ጥፋቱ የኔ ነው አለች። ሁሉንም አለች፣ አንድም አላስቀረችም።

እናትየው የታጠበ ልብስ እያጠፈች ነበር። እጇን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ያን ቀን ከፋብሪካው ፈቃድ ወስጄ ነበር። ወደ ክሊኒክ እየወሰድኳት ነበር። መንገዴ ስለሆነ እስኪ የተማረ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው እርስዎ ጋ የገባሁት። ምንም አልሆነችም ሲሉኝ ልጅቷን ለእርስዎ ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።»

 አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ብትሰድበን ምናለበት እያልኩ በልቤ ለመንኩ። ባለብርጭቆዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ወደ መስኮቱ ሄደች፣ ልጅቷ ፊት ተንበረከከች፣ ፊቷን ፊቷ ላይ አስጠግታ «ይቅር በይኝ» አለቻት። ልጅቷ አፏን አየች። ከዚያ ምን ብዬ ልመልስ እንደማለት ዞራ እናቷን አየች። እናትየው ያጠፈችውን ልብስ አልጋው ላይ አስቀመጠችና እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷም እናቷን አይታ ራሷን ነቀነቀች።